ሙቀቱን ስትጽፉ ግፊቱንም ጻፉልን

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

በቅርቡ በሳይንስ ዓምዳችሁ ላይ «ያለ ብክነት ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ቁስ በክፍል ሙቀት ተገኘ» የሚል ጽሑፍ አውጥታችሁ ነበር። እኔ ደብረ ማርቆስ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ ጽሑፉን ቆርጠው ያመጡልኝ ተማሪዎቼ ናቸው። እንዲህ ያለው ቁስ ሱፐርኮንዳክተር ይባላል፤ ስለ እሱ በአማርኛ ገጽ ሙሉ ሲጻፍ ማየት ብርቅ ስለሆነ በደስታ ነበር ማንበብ የጀመርኩት። ስጨርሰው ግን ደሜ ፈልቶ ነበር። 15 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚለው ቁጥር በርዕሱም፣ በመግቢያውም፣ በሥዕሉ ግርጌም ተደጋግሟል። ያ ሙቀት የተመዘገበው በምን ያህል ግፊት እንደሆነ ግን አንድም ቦታ አልተጻፈም። የምርምር ወረቀቱ ከታተመ በኋላ ምን እንደደረሰበትም አልተነገረንም።

እንግዲያው እኔ ልንገር። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው። የጠቀሳችሁት ሥራ በአሜሪካ ሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ የነበረው ራንጋ ዲያስና ባልደረቦቹ በ2020 ኔቸር በተባለው መጽሔት ያሳተሙት ነው። ቁሱ ከካርቦን፣ ከሰልፈርና ከሃይድሮጅን የተሠራ ሲሆን፣ 15 ዲግሪው ተገኘ የተባለው በ267 ጊጋፓስካል ግፊት ነበር። አንድ ጊጋፓስካል በባሕር ጠለል ላይ ያለው አየር ከሚያሳርፍብን ግፊት 10 ሺህ እጥፍ ያህል ነው። 267ቱ ደግሞ በምድር እምብርት ላይ ካለው ግፊት ሦስት አራተኛ ገደማ ይሆናል። ይህን ቁጥር ጥሎ 15 ዲግሪውን ብቻ መጻፍ የአንድን ቤት ዋጋ ተናግሮ የት አገር እንደሚገኝ ከመደበቅ አይሻልም። መጽሔቱ ወረቀቱን በ2022 ሰርዞታል። ያው ቡድን በ2023 ሌላ ወረቀት ይዞ ብቅ አለ፤ በዚህኛው ሉቴሺየም የተባለውን ብረት ከሃይድሮጅንና ከጥቂት ናይትሮጅን ጋር አዋሕዶ፣ በ1 ጊጋፓስካል ብቻ በ21 ዲግሪ ገደማ ሱፐርኮንዳክተር ሆኗል አለ። እሱም ዓመቱ ሳያልቅ ተሰረዘ። ስለዚህ ጋዜጣችሁ ለአንባቢ ያቀረበው ዜና ከሞተ ዓመታት ያለፉት ዜና ነው።

ጽሑፉ በዚህ አላበቃም። እንዲህ ያለ ቁስ ሥራ ላይ ሲውል የአባይ ግድብ ኃይል ያለ አንዳች ብክነት ጎጃም ይደርሳል፣ የመብራት መቆራረጥም ታሪክ ይሆናል ብሎናል። ግድቡ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ከዚያ የሚነሣው ዋናው መስመር በ500 ኪሎቮልት የሚሄደውም ያለ ምክንያት አይደለም። ቮልቴጁ እጥፍ ሲሆን ለተመሳሳይ ኃይል የሚያስፈልገው ከረንት በግማሽ ይቀንሳል፣ በሽቦው ላይ በሙቀት መልክ የሚባክነው ደግሞ ወደ ሩብ ይወርዳል። ይህን ለልጆች ነው የምናስተምረው። ደብረ ማርቆስ መብራት የሚጠፋው ሽቦው ተቃውሞ ስላለው አይደለም፤ ምሰሶ ወድቆ ወይም ትራንስፎርመር ተቃጥሎ ነው። ለዚያ ፈውሱ መሰላል፣ መለዋወጫና ሙያተኛ ነው። በ267 ጊጋፓስካል የሚጨመቅ ናሙና ስፋቱ ከፀጉር ውፍረት ያነሰ ስለሆነ ሽቦ አይሠራበትም፣ ግፊቱ ሲለቀቅም ጠባዩ አብሮ ይሄዳል።

በዚህ ብቻ ብናደድ ኖሮ ደብዳቤ ባልጻፍኩ፤ አንብቤ አስቀምጠው ነበር። የቆጨኝ ሌላ ነው። ዓምዳችሁ በአንድ ገጽ ስለ ከፍተኛ ግፊት ጽፎ፣ ከፍተኛ ግፊት በእውነት ምን እንደሚያስተምረን ሳይነካው አለፈ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ነው።

ነገሩ የጀመረው በ1911 ነው። ሆላንዳዊው ካመርሊንግ ኦነስ በላይደን ከተማ ሜርኩሪን በፈሳሽ ሂሊየም እያቀዘቀዘ 4.2 ኬልቪን፣ ማለትም ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ገደማ ላይ ሲያደርሰው፣ ብረቱ ለኤሌክትሪክ ፍሰት የሚያሳየው ተቃውሞ በድንገት ጠፋ። ምክንያቱ እስኪገለጥ ድረስ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። በ1957 ባርዲን፣ ኩፐርና ሽሪፈር የሚባሉ ሦስት አሜሪካውያን፣ ኤሌክትሮኖቹ በክሪስታሉ አተሞች ንዝረት አማካይነት እየተሳሳቡ ጥንድ ጥንድ እንደሚሆኑና ጥንዶቹ ሁሉ አንድ ሆነው ያለ እንቅፋት እንደሚፈስሱ አሳዩ። የዚህ ዓይነቱ የተለመደው ሱፐርኮንዳክተር ይባላል። ያልተለመደው ደግሞ ጥንዶቹን የሚያስተሳስረው የአተሞች ንዝረት ብቻ ያልሆነበት፣ ወይም የጥንዶቹ ቅርጽ ከአቅጣጫ አቅጣጫ የሚለያይበት ነው። ቤድኖርዝና ሙለር በ1986 ያገኟቸው የመዳብ ኦክሳይዶች ከእነዚህ ወገን ናቸው፤ እስከ ዛሬም ሙሉ ማብራሪያ አላገኙም።

ቶፖሎጂያዊ ቁሶች የሚባሉት ሌላ ታሪክ አላቸው። ቢስመዝ ሴሌናይድን እንውሰድ። ሁለት የቢስመዝ አተሞች ከሦስት የሴሌኒየም አተሞች ጋር ተዋሕደው የሚሠሩት፣ ሽፋን በሽፋን ላይ የተደረደረ፣ በጥፍር ሊላጥ የሚችል አብረቅራቂ ክሪስታል ነው። ንጹሑ ክሪስታል ውስጡ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ገጽታው ግን ያስተላልፋል። ላዩ ላይ የተቀባ ነገር ስላለ እንዳይመስላችሁ። ለሁለት ብትሰነጥቁት አሁን የተገለጠው አዲሱ ገጽም ያስተላልፋል። ይህ የሚሆነው እንደ ቢስመዝ ባሉ ከባድ አተሞች ውስጥ የኤሌክትሮኑ ሽክርክሪትና ጉዞው በጥብቅ ስለሚቆራኙ፣ በውስጥ ያሉት ኤሌክትሮኖች አደራደር በጥቂት ቆሻሻ ወይም ጭረት የማይለወጥ፣ ቶፖሎጂያዊ የሚባል አንድ ቁጥር ስለሚይዝ ነው። ውስጡ ያንን ቁጥር እንደያዘ ከውጭው ባዶ ቦታ ጋር ሲገናኝ ድንበሩ ላይ አስተላላፊ ገጽ የግድ ይፈጠራል። የ2016 የፊዚክስ ኖቤል ለታውለስ፣ ለሃልዴንና ለኮስተርሊትዝ የተሰጠው እንዲህ ያለውን አስተሳሰብ ወደ ቁሶች ስላመጡ ነበር።

ሁለቱ ታሪኮች የተገናኙት በ2008 ነው። ሊያንግ ፉና ቻርልስ ኬን እንዲህ ያለ ገጽ ሱፐርኮንዳክተር ቢሆን፣ ጣልያናዊው ኤቶሬ ማዮራና በ1937 በወረቀት ላይ ብቻ ያየው፣ ራሱ የራሱ ተቃራኒ የሆነ ቅንጣት ጠባይ በገጹ ላይ ሊገለጥ እንደሚችል አሰሉ። ማዮራና ራሱ በማግሥቱ ዓመት በባሕር ጉዞ ላይ እንደወጣ ጠፍቶ ቀርቷል፤ ለፊዚክስ መምህር ተማሪ የሚነቃበት ታሪክ ነው። እንዲህ ያለው ጠባይ በስሕተት የማይበገር ኳንተም ኮምፒውተር ለመሥራት ይጠቅማል የሚል ተስፋ ስላለ ገንዘቡም ሰዉም ወደዚያ ጎረፈ። በዚህ መስክም ቢሆን ጥድፊያ ዋጋ አስከፍሏል፤ ከሆላንዷ ዴልፍት በ2018 ኔቸር ላይ ታትሞ የነበረ አንድ የማዮራና ወረቀት በ2021 ተሰርዟል።

እንግዲህ ቶፖሎጂያዊ ቁስን እንዴት አድርጎ ሱፐርኮንዳክተር ማድረግ ይቻላል? አንዱ መንገድ ባዕድ አተም ማስገባት ነው። በ2010 በቢስመዝ ሴሌናይድ ሽፋኖች መካከል መዳብ ሲገባ በ3.8 ኬልቪን ሱፐርኮንዳክተር ሆነ። ይሁን እንጂ መዳቡ የት ቦታ እንደገባ፣ በእኩል ተዳርሶ እንደሆነ፣ ክሪስታሉንስ አበላሽቶት እንደሆነ ሁሌም ያከራክራል። ሁለተኛው መንገድ መጨመቅ ነው። ግፊት ምንም ባዕድ ነገር አይጨምርም፤ አተሞቹን ብቻ ያቀራርባል። እየጨመሩ፣ እየቀነሱ፣ በዚያው በአንዱ ናሙና ላይ ደጋግመው ሊጠይቁበት ይችላሉ። የግፊት ትልቁ ጥቅም ይህ ይመስለኛል እንጂ የሙቀት ክብረ ወሰን አይደለም።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ አውሮፓ ውስጥ በዚሁ ሥራ ላይ ለዶክትሬት ትማራለች። ስልክ ስትደውል ስለ ጤንነቴ ከጠየቀችኝ በኋላ ወሬያችን ሁሉ አልማዝ ነው። መሣሪያው መዳፍ ውስጥ ይገባል። ሁለት አልማዞች ጫፍ ለጫፍ ይጋጠማሉ፤ የእያንዳንዱ ጫፍ ጠፍጣፋ ሆኖ የተሳለ ሲሆን ስፋቱ የአንድ ሚሊሜትር ሦስት አሥረኛ ያህል ነው። በመካከላቸው ቀጭን ብረት ይገባና መሐሉ ላይ ከጫፉ የጠበበ ቀዳዳ ይበሳል። ናሙናው የሚቀመጠው በዚያ ቀዳዳ ውስጥ ነው። ብሎኖቹን የምታጠብቀው በእጇ በያዘችው ትንሽ ቁልፍ ነው። የሰው እጅ ጉልበት የምድርን ሆድ ግፊት እንዴት ይፈጥራል ለሚል፣ ሴቶቻችን አገልግል ሲሰፉ ወስፌው ያንን የጠነከረ አለላ የሚበሳው በጫፉ ጥበት እንጂ በክንዳቸው ብርታት እንዳልሆነ ያስታውስ። ጉልበቱ ያው ነው፤ የሚያርፍበት ቦታ ሲጠብ ግፊቱ ይበዛል።

አድካሚው ሥራ ብሎን ማጥበቁ አይደለም። በዚያ ቀዳዳ ውስጥ ባለ ክሪስታል ላይ በዓይን የማይለዩ አራት የወርቅ ወይም የፕላቲነም ሽቦዎች መድረስ አለባቸው። ሁለቱ ከረንት ይሰጣሉ፣ ሁለቱ ቮልቴጅ ይለካሉ፤ አራት የሚሆኑትም የሽቦዎቹና የመገናኛዎቹ ተቃውሞ ከናሙናው ተቃውሞ ጋር እንዳይደባለቅ ነው። ሽቦዎቹ የብረቱን ቀዳዳ ጠርዝ ከነኩ ነገሩ ሁሉ አለቀ፤ ስለዚህ ብረቱ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ዱቄት ይለበጣል። ከናሙናው አጠገብ የሩቢ ፍርፋሪ ትቀመጣለች። ሌዘር ሲያርፍባት በቀይ ታበራለች፤ ያለ ግፊት የብርሃኗ የሞገድ ርዝመት 694.3 ናኖሜትር ሲሆን፣ ግፊቱ በአንድ ጊጋፓስካል በጨመረ ቁጥር በ0.365 ናኖሜትር ገደማ ይረዝማል። ግፊቱ የሚነበበው ከዚህ ነው። በዚያች ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ ሌላ የግፊት መለኪያ የሚገባበት ቦታ የለም። ይህን የመሰለ ብልሃት ያሰበ ሰው ባገኝ እጁን እስመው ነበር።

አንድ ምሽት ደውላ «ቲቸር፣ አልማዙ ተሰነጠቀብኝ» አለችኝ። ድምፁን ሰማችው፤ ጧ አለ። ናሙናውም፣ ሽቦዎቹም፣ ሳምንታት የፈጀው ዝግጅትም አብረው ሄዱ። «አይዞሽ» ከማለት በቀር የምለው አልነበረኝም። እሷ ግን ሐዘኗን ሳትጨርስ ከመሰንጠቁ በፊት ስላገኘችው የልኬት መስመር ታወራልኝ ጀመር። እንዲህ ያለ ልፋት የሚጠይቅ ሥራ ጋዜጣ ላይ አንድ ቁጥር ብቻ ሆኖ ሲወጣ ማየት ያናድዳል።

አሁን ወደ ፍሬ ነገሩ ልግባ። በ2013 የታተመ አንድ ጥናት ቢስመዝ ሴሌናይድን እስከ 50 ጊጋፓስካል ጨመቀው። ከ11 ጊጋፓስካል በላይ ሱፐርኮንዳክተር ሆነ። ግፊቱ ሲጨምር የመሸጋገሪያ ሙቀቱም፣ ማለትም ሱፐርኮንዳክተር መሆን የሚጀምርበት ሙቀት፣ እያደገ በ30 ጊጋፓስካል 7 ኬልቪን ደረሰ። ከዚያ በኋላ ቆመ፤ እስከ 50 ድረስ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። በዚያው ክልል ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚሸከሙት ቅንጣቶች ብዛት ግን አሥር እጥፍ አድጓል። የተለመደው ሱፐርኮንዳክተር ቢሆን ተሸካሚው አሥር እጥፍ ሲሆን፣ አተሞቹም ሲቀራረቡ፣ የመሸጋገሪያው ሙቀት ወደ አንድ ወገን መንቀሳቀስ ነበረበት። ሊቋቋመው የቻለው የማግኔት መስክም ለተለመዱት ከሚሰላው ወሰን አለፈ። አጥኚዎቹም ይህ ያልተለመደ ጥንድነትን ይጠቁማል አሉ። ይጠቁማል ነው ያሉት፤ አረጋገጥን አላሉም። ለእኔ ይህ ዝም ብሎ የቆመ 7 ኬልቪን በብዙ እጥፍ ከሚበልጡት ክብረ ወሰኖች ይልቅ እንቅልፍ የሚነሣ ነው። የጀርመኑ ማክስ ፕላንክ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ሰልፈርና ሃይድሮጅንን በ150 ጊጋፓስካል ገደማ ጨምቀው በ2015 ያስመዘገቡትን 203 ኬልቪን አላናንቅም፤ ታላቅ ሥራ ነው። ግን እሱ በ1957ቱ ሐሳብ የሚገለጽ፣ የተለመደው ዓይነት ነው። ቢስመዝ ሴሌናይድ ግን የምናውቀውን ይጠይቃል።

ይህን አንድ ቀን ለተማሪዬ አባት አጫወትኳቸው። የደብረ ኤልያስ ሰው፣ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ልጃቸው ስለ አልማዝ የምትላቸውን ነገር እንዳስረዳቸው ብለው ትምህርት ቤት መጥተው ነበር። ጸጥ ብለው ካዳመጡኝ በኋላ «ታዲያ መምህር፣ ከተጨመቀ በኋላ ያው ራሱ ነው ወይስ ሌላ ሆኗል? ሌላ ከሆነማ የምታወሩት ስለ ሌላው ነው» አሉኝ። «የኔታ፣ ሙያተኞቹ የሚጨቃጨቁት እሱኑ ነው» አልኳቸው።

ቁም ነገሩ እውነትም እዚያ ላይ ነው። ኤክስሬይ በአልማዙ ውስጥ አልፎ ናሙናውን ሲመረምር፣ ቢስመዝ ሴሌናይድ በ10 ጊጋፓስካል አካባቢ የአተሞቹን አደራደር መለወጥ እንደሚጀምርና ከፍ ባለ ግፊት እንደገና እንደሚለወጥ ይታያል። ሱፐርኮንዳክተር የሚሆነው ደግሞ የመጀመሪያው ለውጥ በሚካሄድበት ወሰን ላይ ነው። ታዲያ ያ ቶፖሎጂያዊ የተባለው ቁጥር ከአሮጌው አደራደር ጋር ቀረ ወይስ ወደ አዲሱ ተሻገረ? ዘመዱ ቢስመዝ ቴሉራይድ ለዚህ ጥያቄ የተሻለ ምስክር ነው። በ2011 ቻይናውያን ተመራማሪዎች በ3 እና በ6 ጊጋፓስካል መካከል፣ ክሪስታሉ የመጀመሪያ አደራደሩን ሳይለቅ፣ በ3 ኬልቪን ገደማ ሱፐርኮንዳክተር እንደሚሆን አሳትመዋል። የኔታን ያረካቸው ይሄኛው ነው።

ሌላም ወጥመድ አለ። ንጹሕ ቢስመዝ ራሱ ከ2.5 ጊጋፓስካል ጥቂት አልፎ ሲጨመቅ በ7 ኬልቪን አካባቢ ሱፐርኮንዳክተር ይሆናል። ቴሉሪየምም ሲጨመቅ እንዲሁ ይሆናል። ስለዚህ ውሑዱ በግፊት ጥቂት ፈራርሶ የቢስመዝ ወይም የቴሉሪየም ቀጭን ክር ናሙናው ውስጥ ቢኖር፣ ከረንቱ በዚያ ክር ብቻ ሄዶ ሜትሩ ዜሮ ሊያሳይ ይችላል። ዜሮ ተቃውሞ ብቻውን ምስክር የማይሆነው ለዚህ ነው። ናሙናው የማግኔት መስክን ከውስጡ ማስወጣቱ መታየት አለበት፤ ይህን ማይስነርና ኦክሰንፌልድ በ1933 ያገኙት ነው። ከፀጉር በቀጠነ ናሙና ላይ ያንን መለካት ግን እጅግ ከባድ ነው። ጋዜጠኞች «ተቃውሞው ዜሮ ሆነ» የሚል ዜና ሲመጣላችሁ «መስኩንስ አስወጣ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

እርማት ደግሞ በዚህ ሙያ ውስጥ አሳፋሪ አይደለም። ስትሮንሺየም ሩተኔት የሚባለው ቁስ በ1994 በጃፓን ሱፐርኮንዳክተር መሆኑ ከታወቀ በኋላ፣ በ1998 የወጣ የኑክሌር ማግኔት ልኬት ጥንዶቹ ሽክርክሪታቸው ወደ አንድ አቅጣጫ የሆነ ልዩ ዓይነት ናቸው አሰኘ። መማሪያ መጻሕፍት ሳይቀሩ እንዲህ ጻፉ። በ2019 ሌሎች ተመራማሪዎች ክሪስታሉን በአንድ አቅጣጫ እየጨመቁ ልኬቱን ሲደግሙት፣ ለመለኪያ የሚላከው የሬዲዮ ምት ናሙናውን ያሞቀው እንደነበር ደረሱበት። ምቱ ሲቀንስ ያ ምልክት ጠፋ። ሃያ ዓመት የቆመ ሐሳብ ተናጋ፤ ማንም አልተሰደበም፣ ወረቀቱ ታትሞ ሥራው ቀጠለ።

ለእኛ አገር ምን ይሠራል የምትሉ ከሆነ፣ ከሽቦው ተረት ይልቅ ይህን አስቡት። ሲዚየም፣ ቫናዲየምና አንቲሞኒ የተዋሐዱበት አንድ ክሪስታል አለ፤ የቫናዲየም አተሞቹ ሦስት ማዕዘንና ስድስት ማዕዘን እያፈራረቁ ይደረደራሉ። ሱፐርኮንዳክተርነቱ የታወቀው በ2020 ሲሆን ያለ ግፊት የመሸጋገሪያ ሙቀቱ 2.5 ኬልቪን ነው። ሲጨመቅ ሙቀቱ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ እንደገና ይወጣና በ2 ጊጋፓስካል አካባቢ ወደ 8 ኬልቪን ይደርሳል። በዚያው ግፊት ላይ፣ ያለ ግፊት በ94 ኬልቪን የሚጀምረው ሌላ የኤሌክትሮኖች ሥርዓት ይጠፋል። ሁለቱ ሥርዓቶች በአንድ ቤት ሲሻሙ ግፊት አንዱን ያስወጣል ማለት ነው፤ ሙቀቱ ለምን ሁለት ጊዜ እንደወጣ ግን ገና ሰው እየሠራበት ነው። ይህ ሁሉ ትርኢት የሚያልቀው በ2 ጊጋፓስካል ነው። ለዚያ አልማዝ አያስፈልግም። ከጠንካራ ቅይጥ ብረት የተሠራ ወፍራም ሲሊንደርና ፒስተን ይበቃል፤ ጥሩ ቶርኖ ያለው ሙያተኛ በሥዕሉ መሠረት ሊያወጣው የሚችል ነገር ነው።

የሚጎድለን ቅዝቃዜው ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራ የሂሊየም ማቀዝቀዣ እስከ 4 ኬልቪን ድረስ ይወርዳል፤ ግን ለሰዓታት ሳይቋረጥ የሚመጣ መብራት ይፈልጋል። በመሐል መብራት ከሄደ ናሙናው ይሞቃል፣ ልኬቱም እንደ አዲስ ይጀመራል። ስለዚህ በሱፐርኮንዳክተር የመብራት መቆራረጥን እናስቀራለን ያለው ጸሐፊያችሁ ነገሩን የያዘው በጅራቱ ነው፤ መጀመሪያ መብራቱ ሳይቆራረጥ ነው ሱፐርኮንዳክተር የሚጠናው። እስከዚያው በኮምፒውተር ማስላት ይቻላል። ኳንተም ኤስፕሬሶ የተባለው ፕሮግራም በነጻ የሚገኝ ሲሆን፣ አተሞቹ ሲቀራረቡ የኤሌክትሮኖቹ ኃይል ደረጃ እንዴት እንደሚለወጥ በወንበር ላይ ተቀምጦ ለመመርመር ያስችላል። ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስ ያሉ የድኅረ ምረቃ ልጆች ይህን ሲሠሩ ብታዩ ዓምዳችሁ ምን ያህል በሞላላችሁ!

የምለምናችሁ ሦስት ነገር ነው። ባወጣችሁት ጽሑፍ ላይ ወረቀቱ እንደተሰረዘ የሚገልጽ እርማት በዚያው ገጽ፣ በዚያው የፊደል መጠን አውጡ፤ በመጨረሻው ገጽ ከሟች ማስታወቂያ ሥር አትቅበሩት። ከእንግዲህ ስለ ሱፐርኮንዳክተር ስትጽፉ ከሙቀቱ አጠገብ ግፊቱን ጻፉ። ሦስተኛው፣ የሚቀጥለውን ገጽ ለቶፖሎጂያዊ ቁሶች ስጡልን፤ ተማሪዎቼ የቀድሞውን ቆርጠው ማስታወሻ ደብተራቸው ላይ ለጥፈውታልና የሚተካው ይፈልጋሉ። ቁጥሮቹን ከመታተማቸው በፊት ያለ ክፍያ አያለሁ። የዓምዱ አዘጋጅ ከሰዓት በኋላ ቢደውሉልኝ እመርጣለሁ፤ ጠዋት ክፍል ውስጥ ስለሆንኩ ስልክ አላነሣም።

ከአክብሮት ጋር
የፊዚክስ መምህር፣ ከደብረ ማርቆስ